የጣሪያው ቁልፍ

ታደገ ጥላዬ ድምፅ የሰጠው ከዋናው የምርጫ ዕለት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የሥራ ልብሱን አልቀየረም። አትላንታ ዳርቻ፣ ዱሉዝ አጠገብ ባለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አርባ ደቂቃ ተሰለፈ፣ መንጃ ፈቃዱን አሳየ፣ ስክሪን ላይ በጣቱ ፈረመ። አንዲት ሽበታም ሴት ፕላስቲክ ካርድ ሰጠችውና ወደ ማሽኑ ጠቆመችው። ማሽኑ ላይ ብዙ ስም ነበረ። አንዳቸውንም ስለማያውቅ ሁሉንም አለፋቸው። መጨረሻ ላይ የመጣውን ጥያቄ ግን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለትምህርት ቤቶች ግንባታ የሚውለው የአንድ ሳንቲም የሽያጭ ቀረጥ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል? ይቀጥል የሚለውን ነካ። ሲወጣ «መርጫለሁ» የሚል፣ የኮክ ፍሬ የተሳለበት ስቲከር ሰጡት። ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው። አሜሪካ ከገባ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። ዜጋ አይደለም።

ያን ቀን ድምፅ መስጠት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አላወቀም። የፈራው መቅረትን ነበር።

ታደገ ያደገው ኮምቦልቻ ነው። አባቱ አቶ ጥላዬ አናጢ ነበሩ። ታደገ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ቀበሌው የነዋሪውን ስም ጽፎ ለምርጫ ጠራ። አባቱ ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ስለነበር ቀሩ። በማግስቱ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። አቶ ጥላዬ ሦስት ቀን ታስረው ሲመለሱ የስኳርና የሳሙና ካርዳቸው ተነጥቆ ነበር። ስለ ጉዳዩ የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ስምህን ጽፈው ከጠሩህ ሂድ። ታመህም ቢሆን ሂድ» አሉ።

ታደገ ከኮምቦልቻ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን በስደተኛነት ወደ አትላንታ መጣ። አሥር ዓመት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነዳ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥራ አንድ ዓመታት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የጽዳትና የጥገና ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።

ሕንፃው አርጅቷል። ዝናብ ሲዘንብ ታደገ ዘጠኝ ባልዲዎች ያስቀምጣል። የትኛው ቀድሞ እንደሚሞላ ያውቃል፤ ከሁለተኛ ክፍል በር ፊት ያለው ነው። ወገቡ ላይ አርባ አንድ ቁልፍ የያዘ ቀለበት አንጠልጥሎ ይዞራል። አንዱም ቁልፍ ምልክት የለውም። በጨለማም ቢሆን በጣቱ ዳስሶ ይለያቸዋል። ርዕሰ መምህሯ ሚስ ኮልማን በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ትነዘንዘዋለች።

«ሚስተር ቲ፣ እባክህ ስም ለጥፍባቸው። አንድ ቀን ብትታመም እኮ በራችን ላይ ቆመን እንቀራለን።»

«ስም ከለጠፍኩባቸው እኔን ለምን ትፈልጉኛላችሁ?» ይላታል።

ሁልጊዜ ትስቃለች። እሱም ስም አይለጥፍም።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የትምህርት ቦርዱ የበጀት ስብሰባውን እዚያው ትምህርት ቤት አደረገ። ታደገ ሁለት መቶ ወንበር ዘርግቶ ከኋላ ቆመ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው በጀቱ ጎዶሎ እንደሆነ አስረዳ። አራት አሮጌ ሕንፃዎችን ጠቀሰ፤ የታደገ ትምህርት ቤት ሦስተኛው ነበር። በኖቬምበር ሕዝቡ ቀረጡ ይቀጥል ካለ ይታደሳሉ። አይቀጥል ካለ ይዘጋሉ፣ ልጆቹም ሌሎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይበተናሉ።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «የእኔ ልጆች ትምህርት ከጨረሱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። ለማን ጣሪያ ነው የምከፍለው?»

ከፊት የተቀመጠች እናት ዞር አለች። «የርስዎን ልጆች ጣሪያ ማን ከፈለው?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ያን ቀንም እየዘነበ ነበር። ታደገ በጫጫታው መሀል ሄዶ የሁለተኛ ክፍሉን ባልዲ ደፍቶ መለሰ።

ስሙ ዝርዝር ውስጥ የገባው በሐምሌው ኡራኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ላይ፣ ሄርሜላ የምትባል እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታብሌት ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሰው ከስብከት ወጥቶ ወደ ምሳ ሲሄድ እሷ ጋ ይቆማል። ቄሱም ተመዝገቡ ብለው ነበር። ታደገ ሰልፉ ውስጥ ራሱን አገኘው።

«ጋሼ፣ ለቮት ሬጂስተር አድርገዋል?»

«አላደረግኩም።»

«እንግዲያው ላይሰንስዎን ይስጡኝ፣ ቱ ሚኒትስ ነው።» መንጃ ፈቃዱን ተቀብላ መጻፍ ጀመረች። «ሲቲዝን ነዎት አይደል?»

ከኋላው አብረውት ከሱዳን የመጡ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱም የዜግነት ፈተናውን ወስደው አልፈዋል፣ ባንዲራ ይዘው ፎቶ ተነስተዋል። ታደገ ግን ፎርሙን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ትቶታል። በእንግሊዝኛ መጠየቅን ይፈራል። ሁለቱ ሰዎች እየሰሙት «አይደለሁም» ማለት አፈረ።

«እዚህ አገር ሃያ አንድ ዓመቴ እኮ ነው፣ ልጄ» አለ።

«ዋው! ከእኔ በአንድ ዓመት ነው የሚያንሱት!» ሳቀች። ጣቷ «ዜጋ ነኝ» ከሚለው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ነካ። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዱ በፖስታ መጣ። ስሙ በትልቅ ፊደል ተጽፎበታል፣ የት ሄዶ እንደሚመርጥም ይገልጻል። ታደገ ብዙ አሰበበት። መንግሥት ስሜን ጽፎ ከላከልኝ ፈቅዶልኛል ማለት ነው አለ። ፈቅዶልኝ ብቀርስ? መኪናው ውስጥ፣ ከኢንሹራንስ ወረቀቱ ጋር አስቀመጠው። ለሚስቱ ለዘነበወርቅ አልነገራትም። እሷ ዜጋ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ «በመጨረሻ ፈተናውን ወሰድክ?» ብላ እንዳትጠይቀው ነው።

ድምፅ በሰጠበት ማክሰኞ ማታ ልጃቸው ሚካኤላ እራት ልትበላ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መሀል ከተማ ሚድታውን አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ጃኬቷን ስትሰቅል የአባቷን ጃኬት አየች። ስቲከሩ ደረቱ ላይ አለ።

«አባ፣ ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ምርጫው ላይ ነዋ። ስለ ጣሪያው።»

«ለሰው ነው ያነሳኸው? ላይክ፣ እማዬን ይዘሃት ሄደህ?»

«እኔ ራሴ መርጬ ነው።»

ሚካኤላ ጃኬቱን አልለቀቀችውም። «ኖ። አባ፣ ሊስን። ማሽኑ ላይ ሄደህ ነካህ? ፈረምክ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ። ካርድ ልከውልኛል።»

ዘነበወርቅ ከማድ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ወጣች። «ምን ካርድ?»

ታደገ ከመኪናው አምጥቶ ሰጣቸው። ሚካኤላ ካርዱን ገለባበጠችው። ፊቷ ሲገረጣ አየ። ልጅ ሳለች ከብስክሌት ወድቃ እጇ የተሰበረ ቀን እንዲህ ሆና ነበር።

«ዜጋ ያልሆነ ሰው ቮት ካደረገ ዲፖርት አድርገው ከአገር ያስወጡታል፣ አባ።»

«ማንን?»

«አንተን።»

ዘነበወርቅ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ያየ ሰው ያለ ይመስል የመስኮቱን መጋረጃ ሳበች። ስቲከሩን ከጃኬቱ ላይ ልጣ አጣጥፋ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ትንሽ ቆይታ ከቆሻሻው አውጥታ በእሳት አቃጠለችው። ማንም እራት አልበላም።

ጠበቃው ሰርፀ ይባላል፤ ቢሮው ማሪዬታ ነው። ዓርብ ዕለት ሦስቱም ሄዱ። ሚካኤላ ነዳች። ታደገ ከኋላ ተቀምጦ የፖሊስ መኪና ባለፈ ቁጥር የፍጥነት መለኪያውን ያይ ነበር።

ሰርፀ ሁሉንም ሰምቶ ሳይጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሽ ታደገ፣ ያስገደደዎት ሰው ነበር?»

«አይ። ፈርቼ ነው የሄድኩት።»

«ምን ፈርተው?»

ታደገ የአባቱን ነገር ነገረው። ሰርፀ አልሳቀም። «እዚህ አገር ቢቀሩ ማንም ቤትዎ አይመጣም ነበር። ሊመጡ የሚችሉት ስለሄዱ ነው» አለ።

«እና እንዴት ካርድ ላኩልኝ? አያጣሩም?»

«ኮምፒውተሩንም የሚሞላው ሰው ነው። አንዳንዴ ያመልጣል። ሲያመልጥ ጥፋቱ የፈራሚው ይሆናል።» ጣቱን እያጠፈ ቀጠለ። «ከአገር አይውጡ። የዜግነት ፎርም አይሙሉ፤ መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ መዋሸት ደግሞ ከመምረጡ ይብሳል። ግሪን ካርድዎ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ማርች።»

ሰርፀ ብዕሩን መልሶ አነሳ። «ማሳደስ ግዴታ ነው። ፎርሙ ስለ ምርጫ አይጠይቅም። ግን አሻራ ሲሰጡ ፋይልዎ ይከፈታል። ምን እንደሚያዩ ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

«ስሙስ? ዝርዝሩ ውስጥ ያለው?» አለች ሚካኤላ።

«ሰርዙኝ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ካልጻፉ በየምርጫው ስማቸው እንዳለ ይኖራል። ከጻፉ ደግሞ ዜጋ አይደለሁም ብለው በገዛ እጃቸው የፈረሙት ወረቀት ይሆናል። እኔ ይጻፉ ባይ ነኝ። ኋላ ሰው ፊት ከቀረቡ ሳልጠየቅ ተናገርኩ ማለት ይችላሉ። ግን ውሳኔው የርስዎ ነው።»

ዘነበወርቅ መኪና ውስጥ ሳይገቡ ጀመረች። «አትጽፍም። የተኛ አውሬ ማን ይቀሰቅሳል?»

«ጠበቃው ጻፍ አለ።»

«ጠበቃው ማታ ከሚስቱ ጋር ነው የሚያድረው። ቢወስዱህ ማን ጋ ልሄድ ነው? ኮምቦልቻ ማን አለህ? አባትህ ሞተዋል፣ ቤቱ ተሽጧል።»

ታደገ የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ። ያን ሳምንት ደብዳቤ አልጻፈም።

የምርጫው ዕለት ልጆቹ ከቤታቸው ዋሉ። የትምህርት ቤቱ ጂም፣ የስፖርት አዳራሹ፣ የምርጫ ጣቢያ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ጠረጴዛዎቹን የሚዘረጋው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚስበው፣ በሩን የሚከፍተው ታደገ ነው። ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሥራ ብቻ ነበር። አሁን ጠረጴዛ በዘረጋ ቁጥር ወደ በሩ ዞሮ ያይ ነበር።

የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ዶሪስ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። በየምርጫው ስለምትመጣ ያውቃታል። ታብሌቶቹን ስትከፍት ጠራችው።

«ሚስተር ቲ፣ ና እስቲ ልሞክርብህ። ይሠራ እንደሆነ ልይ። የቤተሰብ ስምህ ቲላዬ ነው አይደል?»

አይ ለማለት አልደረሰም። ስሙን ጻፈችው። ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስሙ፣ አድራሻው፣ የትውልድ ዘመኑ። አጠገቡ «ድምፅ ሰጥቷል» ይላል፤ ቀኑም ሰዓቱም አለ።

«ቀድመኸኛል!» አለች ዶሪስ። «ደግ አደረግክ። ለጣሪያው እንደሆነ አውቃለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ታደገ ወደ ቦይለር ክፍል፣ የሕንፃው ማሞቂያ ወዳለበት ምድር ቤት፣ ወርዶ ከውስጥ ቆለፈ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። የተኛ አውሬ የለም ብሎ አሰበ። ማንም ስሙን በጻፈ ቁጥር ያው መዝገብ ይወጣል። አባቱንም የያዟቸው በዚሁ ነው፤ አንድ ሰው ዝርዝር ገልጦ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚስ ኮልማን በድምፅ ማጉያው ተናገረች። ቀረጡ አልፏል። ልዩነቱ ብዙ ሺህ ድምፅ ነው። ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፣ ዛሬ የእረፍት ሰዓት ይረዝማል። ልጆቹ ስለ እረፍቱ ጮኹ። ታደገ ኮሪደሩ መሀል መወልወያውን ይዞ ቆመ። ብዙ ሺህ። የእሱ አንድ ድምፅ ባይኖርም ያልፍ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ደብዳቤውን ጻፈ። ሰርፀ በስልክ አስጻፈው፣ አምስት መስመር ነው። ለዘነበወርቅ የነገራት ከፈረመ በኋላ ነው። አልጮኸችም። ተነስታ የቤቱንና የመኪናውን ወረቀት ከኮሜዲኖው አወጣች፤ በማን ስም እንደሆኑ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ወደ ካውንቲው አስተዳደር የምርጫ ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት አንብባ ቀና ብላ አየችው፣ ማኅተም መታችና ቅጂውን ሰጠችው። «መልካም ቀን» አለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ስሙ ተሰርዟል። ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል ተላልፏል። የትኛው ክፍል እንደሆነ አይልም።

ከዚያ በኋላ ታደገ መኪና ማዳመጥ ጀመረ። ንጋት ላይ የትምህርት ቤቱን በር ከመክፈቱ በፊት መብራቱን አጥፍቶ ፓርኪንግ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። የወተት መኪናውን፣ የቆሻሻ መኪናውን፣ የሚስ ኮልማንን መኪና በድምፅ ለየ። የማያውቀው ድምፅ ሲመጣ ከመሪው በታች ዝቅ ይላል። ቤትም በር ሲንኳኳ መክፈት ትቷል፤ ዘነበወርቅ መጀመሪያ በቀዳዳው ታያለች። ሄርሜላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጋሼ፣ መረጡ?» ስትለው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ አለፋት። እውነቱን ቢነግራት ታለቅሳለች፣ ለሌላ ሰው ትናገራለች፣ ሌላው ሰው ደግሞ ለሌላ።

በጃንዋሪ የአሻራ ቀጠሮው መጣ። ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ዘነበወርቅ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የማያውቀው መኪና መጣ። ነጭ ነው፣ በሩ ላይ ክብ ማኅተም አለው። ታደገ በካፊቴሪያው መስኮት አየው። ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ወረደ። አንገቱ ላይ መታወቂያ፣ እጁ ላይ ፋይል አለ። ሰውዬው ወደ ሕንፃው ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየ፣ መውጫዎቹን የሚቆጥር ይመስል።

ታደገ መወልወያውን ባለበት ለቀቀው። ቦይለር ክፍል ገባ፣ ቆለፈ፣ መብራቱን አጠፋ። ቁልፎቹ እንዳይንጫጩ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዛቸው። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሚስ ኮልማን ናት። አላነሳም። እንደገና ደወለች። ከዚያ በሬዲዮው መጣች፤ ሬዲዮው ወገቡ ላይ ነው፣ ድምፁን መቀነስ ረስቷል።

«ሚስተር ቲ፣ ቢሮ ትፈለጋለህ። አንድ ሰው ይጠብቅሃል።»

ለሚካኤላ ለመጻፍ ስልኩን ያዘ። «መጡ» ብሎ ጻፈ። አልላከውም። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተንኳኳ።

«ሚስተር ቲ? እዚያ ነህ?» ሚስ ኮልማን ናት። «ደህና ነህ? የጣሪያው ቁልፍ አንተ ጋ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ከካውንቲው ነው የመጣው፣ ጣሪያውን ሊለካ ነው።»

ታደገ አልተንቀሳቀሰም።

«የቀረጡ ገንዘብ ወጥቷል እኮ» አለች ከበሩ ውጭ። «ሰኔ ላይ ይጀምራሉ።»

ከፈተ። ላብ አጥምቆታል። ሚስ ኮልማን አየችውና ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ሰጠችው።

ሰውዬውን ይዞ ወጣ። ጣሪያው ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ሰውዬው ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ የዛገውን ቆርቆሮ በጫማው ጫፍ ነካካ። «ይህን ያህል ዓመት እንዴት ቆየ?» አለ።

«በባልዲ» አለ ታደገ።

ሰውዬው ሳቀ። ፋይሉን ከፍቶ ብዕር አወጣ። «ሰኔ ላይ ሠራተኞቹ ንጋት ላይ ነው የሚመጡት። በር የሚከፍትላቸውን ሰው ስም ልጻፍ። ያንተን ልጻፍ? ስምህ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ታደገ ብዕሩን አየ።

«የርዕሰ መምህሯን ጻፍ» አለ። «ኮልማን።»

ሰውዬው ሲሄድ መኪናው ከመንገዱ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮት አየው። ከዚያ ወደ ቦይለር ክፍል ተመለሰ። ከመሳቢያው ነጭ ፕላስተርና ጥቁር ማርከር አወጣ። የቁልፍ ቀለበቱን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የመጀመሪያውን ቁልፍ በጣቱ ዳሰሰ፣ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈበት፣ ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈበት። ጣሪያ። ቀጥሎ ጂም። ቀጥሎ ካፊቴሪያ፣ የኋላ በር። የምሳ ደወል ሲደወል ከአርባ አንዱ አሥራ ዘጠኙን ጨርሶ ነበር።